መላሽ ያጣ ኮረብታ

ማመልከቻ ጸሐፊው ሰኞ ጠዋት የመሬት ቢሮውን ደረጃ ሲወጡ የሚያስቡት ስለ ሰው ጉዳይ ነበር። አንዲት መበለት የሰጠቻቸውን ወረቀት መዝገብ ቤት አስገብተው፣ ቁጥር አሰጥተው፣ በሩ ላይ ወዳለችው ጠረጴዛቸውና ወደ አሮጌው የጽሕፈት መኪናቸው ሊመለሱ ነው ሐሳባቸው። ሠላሳ ዓመት የኖሩት እንዲሁ ነው። በዚያ ቢሮ ስንት ሹም መጥቶ ስንቱ ሄዷል፤ እሳቸው ግን አሉ። ሠራተኞቹ «አባባ ግልባጭ» ይሏቸዋል፤ በማንኛውም ማመልከቻ ግርጌ «ግልባጭ» ብለው ሦስት አራት ቢሮ ሳይደረድሩ ብዕራቸውን ስለማያስቀምጡ። ቅጽል ስሙን ያውቁታል፤ እንደማያውቁ ይሆናሉ እንጂ በልባቸውም ይወዱታል።

ኮሪደሩ ላይ ካለው የማስታወቂያ ሰሌዳ ፊት አንዲት ሴት በስልኳ ፎቶ ታነሳለች። ጠጋ ሲሉ የእህታቸው ልጅ ናት፤ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ የጂኦግራፊ መምህርት። በዚህ ሰዓት ክፍል ውስጥ መሆን የነበረባት ሰው እዚህ ምን ትሠራለች ብለው በትከሻዋ ላይ አሻግረው አነበቡ።

የኮረብታው ሰዎች ከአያት ከቅድመ አያት ይዘው የኖሩት ኮረብታ ለድንጋይ ማውጫ ድርጅት ተሰጥቷል ይላል ማስታወቂያው። የወሰን ችካል ሐሙስ ይተከላል፤ ተቃዋሚ ያለ እንደሆነ እስከ ዓርብ ሥራ መዝጊያ ያቅርብ። ከዚያ በታች ደግሞ እንዲህ ይላል፦ «ነዋሪዎቹ ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ባስገቡት ማመልከቻ የመላሹ ቤት ወራሽ እንደሌለው ራሳቸው ስላረጋገጡ፣ በልማዳቸው መሠረት ወሰኑን ይዘናል ሊሉ አይችሉም።»

ያንን ማመልከቻ የጻፉት እሳቸው ናቸው።

አንባቢ ይወቀው፤ የኮረብታው ሰዎች የመሬት ደብተር ኖሯቸው አያውቅም። የነበራቸው ቃል ነው። አንድ ቤት የኮረብታውን አሥራ ሁለት የወሰን ምልክቶች በተራ ይጠራል፤ ሌላው ቤት በየምልክቱ «ሰምቻለሁ» እያለ ይመልሳል። ጠሪው ከሳተ መላሹ «ተመለስ» ይለዋል። ጠሪ መላሽ ሊሆን አይችልም፤ ራሱ ጠርቶ ራሱ የሚመልስ ሰው መሬት ሰረቀ ይባላል። ጠሪዎቹ የማመልከቻ ጸሐፊው ቤት ናቸው። የመላሹ ቤት የመጨረሻ ሽማግሌ የሞቱት የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት ነው፤ ልጆቻቸው ከዚያም በፊት ሥራ ፍለጋ ተበታትነዋል። ከዚያ ወዲህ ኮረብታው ተጠርቶ አያውቅም። ጸሐፊው የቢሮውን ሆድ ለማባባት ብለው «የመላሹ ቤት ወራሽ የለውም፤ ልንጠፋ ነውና ይታዘንልን» ሲሉ ጻፉ። ያዘነላቸው አልነበረም። ወረቀቱን ግን የቢሮው ሰዎች በደንብ አስቀመጡት።

«አታንሺው» አሉ በያዙት ክላሰር ማስታወቂያውን ጋርደው።

«እንዴት አደሩ፣ ጋሼ?» አለች መምህርቷ ስልኳን ዝቅ አድርጋ። «አንስቼዋለሁ። ዛሬ ወይ ነገ በገጻችን ላይ ይወጣል።»

«የምን ገጽ?»

«የኮረብታው ልጆች ገጽ። በየከተማው የተበታተንነው በስልክ የምንገናኝበት። ሦስት ዓመቱ እኮ ነው። ላስገባዎት ብል 'ስልክ የተሠራው ለመደወል ነው' አሉኝ።»

ክንዷን ይዘው ወደ ደጅ አወጧትና ከጠረጴዛቸው ፊት ባለጉዳይ የሚቀመጥበት ወንበር ላይ አስቀመጧት። ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ስሚኝ ልጄ። የቤትን ገመና አደባባይ ማውጣት ነውር ነው። ጉዳይ የሚሄደው በመንገዱ ነው። ማመልከቻ ይጻፋል፣ ማኅተም ይመታል፣ ቁጥር ይሰጠዋል። እኔ ለዚህ ኮረብታ ሰባት ማመልከቻ አስገብቻለሁ። የሰባቱም ቁጥር እዚህ ክላሰር ውስጥ አለ።»

«መልስ የመጣው በስንቱ ላይ ነው?»

ጸሐፊው የጽሕፈት መኪናው ላይ ያልተጣመመውን ወረቀት አቃኑ። «በአንዱ» አሉ በመጨረሻ። መልሱ የት እንደተለጠፈ ሁለቱም ያውቁታል።

«እርስዎን ለመንቀፍ አይደለም ጋሼ፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ግን ማመልከቻን አንድ ሰው ነው የሚያነበው። ያ ሰው መሳቢያው ውስጥ ቢከተው ማን ያውቅበታል? ሺህ ሰው ያየውን ነገር ግን 'አልደረሰኝም' ሊል አይችልም።»

«ሺህ ሰው ምን ያደርግልኛል? ዳኛ ነው? ሹም ነው? ሥራ ፈት ሁሉ በአውራ ጣቱ ነክቶት ያልፋል። ደግሞ ዛሬ አይዟችሁ ያለሽ ነገ ተነስቶ ይሰድብሻል። ሻይ ቤት ቁጭ ብዬ የሚጻጻፉትን ጮክ ብለው ሲያነቡ እሰማለሁ እኮ። ጎረቤትና ጎረቤት ያባላል ያ ነገር።»

«እውነትዎን ነው» አለች መምህርቷ። ጸሐፊው ይህን አልጠበቁም። «ስድቡም አለ፣ ውሸቱም አለ። እኔም ስንቱን አንብቤ እንቅልፍ አጥቻለሁ። ግን አንድ ነገር ልንገርዎት። ከባሕር ማዶ ዓሣ አጥማጆች አሉ፤ እንደኛው ነባር ሕዝብ፣ ቁጥራቸው ከእኛም ያነሰ። ዳርቻው ባዶ ነው ተብሎ ለወደብ ሊወሰድባቸው ነበር። ሴቶቹ ምን አደረጉ? ጠዋት ጠዋት መረባቸውን ሲጥሉ በስልክ ያሳያሉ። ንግግር የለ፣ ለቅሶ የለ። 'ዛሬም እዚህ ነን' ብቻ። ባዶ የተባለው ዳርቻ ባዶ አለመሆኑን ሰው ሁሉ አየ። ወደቡ ጭራሽ ቀረ አልልዎትም፤ ሳይጠይቋቸው መቆፈር ግን አልተቻለም። ከእነሱ ጋር በየሳምንቱ እንጻጻፋለን።»

«ከማታውቂያቸው ሰዎች ጋር?»

«አሁንማ ተዋወቅን።»

ነገሩ ጸሐፊውን አላሳመናቸውም። ሌላ በር ፈለጉ። «ርዕሰ መምህሩስ? እንጀራሽስ?»

«ጠርቶኛል። 'መምህርት ነሽ ወይስ ፖለቲከኛ?' ብሎ ጠየቀኝ። ውሌን በዓመቱ መጨረሻ እንደሚያዩት ነገረኝ።»

«አየሽ!»

«አየሁ። እፈራለሁም። ግን ሐሙስ ችካል ሲተከል እቤቴ ቁጭ ብዬ ፈተና ማረም አልችልም።»

«እሺ ሌላውን አውጪ፤ ያችን ማስታወቂያ ብቻ ተያት።»

መምህርቷ ትክ ብላ አየቻቸው። «የትኛው መስመር እንደሚያስፈራዎት አውቃለሁ ጋሼ። አንብቤዋለሁ።»

ሽማግሌው ፊታቸው በአንድ ጊዜ አረጀ። ያ መስመር ሠላሳ ዓመት የሠሩትን ሥራ ሁሉ ገደል ከቶባቸዋል። «ታዲያ የኮረብታው ሰው ሁሉ አንብቦ ይርገመኝ?»

«እኛ ካላወጣነው ድርጅቱ ያወጣዋል። ያን ጊዜ ደግሞ ደበቁን ይባላል» አለችና ተነስታ እጅ ነስታ ሄደች። ማስታወቂያው ማክሰኞ ጠዋት ወጣ።

ማክሰኞ ውሎው ጥሩ ነበር ይላሉ የሚያውቁ። ማስታወቂያው ከእጅ ወደ እጅ ሄደ፤ ሰው ጠየቀ፤ ጋዜጠኛ ደወለ። ረቡዕ ግን ነገር ተበላሸ። ገጹን አብረው ከሚይዙት አንዱ፣ በሌላ ከተማ ታክሲ የሚነዳ የዘመድ ልጅ፣ ሰው ይበልጥ እንዲያዝን ብሎ አንድ ፎቶ ጨመረ። የፈረሰ ቤት ነው፤ ፍርስራሹ ላይ ሴቶች ያለቅሳሉ። ልጁ ፎቶውን ያገኘው ከሌላ ሰው ነው፤ ያኛውም ከሌላ። ድርጅቱ ሁለት ሰዓት አልፈጀበትም፤ ፎቶው ከሌላ አገር፣ ከስድስት ዓመት በፊት የተነሳ መሆኑን ከዋናው ጋር ጎን ለጎን አድርጎ አወጣው። «በኮረብታው ላይ አንድም ቤት አልፈረሰም። ይህ የሐሰተኞች ወሬ ነው» የሚል ጽሑፍም አስከተለ። ትናንት አይዟችሁ ያለው ሰው ዛሬ ሳቀባቸው።

መምህርቷ ከሰዓት በኋላ ወደ ጠረጴዛው ስትመጣ ከንፈሯ ደርቋል። ሽማግሌው እንዲህ ባለ ጊዜ «አልነገርኩሽም?» ማለት እንደማያንጽ ያውቃሉ። ሰው ናቸውና አሉት።

«ነግረውኛል» አለች።

ስልኩን ተቀብለው መነጽራቸውን አጠለቁና ፎቶውን አርቀው አዩት። ሲያዩት ሌላ ዓይነት ቁጣ ያዛቸው፤ የባለሙያ ቁጣ። «ቀን የለው። ቦታ የለው። ያነሳው ሰው ስም የለው። ይሄ ደግሞ አባሪ ነው? እንዲህ ያለ አባሪ ይዞ የመጣ ባለጉዳይ ከዚህ ወንበር ላይ አስነሳዋለሁ!»

«ታዲያ ለምን አጠገባችን አልነበሩም?»

ጸሐፊው ቀና አሉ።

«ገጹን የምንይዘው አሥራ አራት ሰው ነን» አለች መምህርቷ። «መጻፍ እንችላለን፣ መቅረጽ እንችላለን። ማስረጃ ማያያዝ አንዳችንም አናውቅም። እርስዎ ያውቃሉ። ሠላሳ ዓመት ሠርተውበታል። ግን እዚህ በር ላይ ተቀምጠው አንድ ሹም እስኪያነብልዎት ይጠብቃሉ። እኛም ያለ እርስዎ ተሳሳትን፤ እርስዎም ያለ እኛ ሰሚ አጡ።»

እንዲህ ብሎ የተናገራቸው ሰው አልነበረም። ሹሞቹ ይሳለቁባቸዋል፤ ባለጉዳይ ያመሰግናቸዋል፤ እውነቱን የነገራቸው ግን የለም። ጸሐፊው ንጹሕ ወረቀት አንስተው መኪናው ውስጥ አስገቡ።

«በመጀመሪያ ማረሚያ ይወጣል» አሉ። ጣታቸው እየቀጠቀጠ፣ አፋቸው እያነበበ ጻፉት፦ ፎቶው የእኛ አይደለም፤ ሳናጣራ አውጥተናል፤ ስህተቱ የእኛ ነው፤ ይቅርታ እንጠይቃለን። ማስታወቂያው ግን እውነተኛ ነው፤ ቁጥሩም ይኸው። ማንንም አልሰደቡም፣ ማንንም አልለመኑም። ከግርጌ ፈረሙበት። መምህርቷ ወረቀቱን እንዳለ በስልኳ አንስታ ገጹ ላይ አወጣችው፤ ሳቁም ቀስ በቀስ ቀዝቀዝ አለ። ይቅርታ የሚጠይቅ ገጽ ሰው ብዙ ስለማያይ ይመስለኛል።

«አሁን የመጨረሻውን ልለምንዎት» አለች። «ነገ ኮረብታው ላይ ቆመው ወሰኑን ይጥሩ። በቀጥታ ስርጭት።»

«መላሽ ሳይኖር?» ጸሐፊው እጃቸውን አራገፉ። «መላሽ በሌለበት መጥራት ዘፈን ነው። ሞተዋል እኮ። እኔ ራሴ ቀብሬያቸዋለሁ።»

«የቀበሩት ሽማግሌውን ነው። ልጆቻቸውን፣ የልጅ ልጆቻቸውን ፈልገው ያውቃሉ?»

«የት ብዬ ነው የምፈልጋቸው?»

መምህርቷ ስልኳን ጠረጴዛው ላይ፣ ከጽሕፈት መኪናው አጠገብ አስቀመጠችው።

«አሥራ ሁለተኛው ምልክት ምንጩ ነው» አሉ ጸሐፊው ስልኩን እያዩ። «የምንጩ ቦታ ለውጭ ሰው አይነገርም። ብሞት አልናገርም።»

«አይነገርም። ዓሣ አጥማጆቹም አስቀድመው የመከሩን ይህንኑ ነው፤ የምታከብሩትን ቦታ በስልክ አታሳዩ ብለውናል። አሥራ አንዱን ይጥሩ፤ ከዚያ ስርጭቱን እዘጋዋለሁ።»

«የልጆች ፊት እንዳይታይ።»

«አይታይም።»

«ሰዓቱና ቀኑ መጀመሪያ ይነገር።»

«እርስዎ ይናገሩታል።»

ሐሙስ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ማመልከቻ ጸሐፊው የሥራ ኮታቸውን ለብሰው፣ ክላሰራቸውን በብብታቸው ይዘው ወንዙ ከሚታጠፍበት ቦታ ቆሙ። የኮረብታው ሰዎች ከኋላቸው ናቸው፤ በጣም ቢበዙ አርባ ይሆናሉ። ቁልቁል ካለው መንገድ ላይ የቀያሾቹ መኪና ቆማለች፤ ሁለት ሠራተኞች ችካል ያወርዳሉ፤ ዋናው ቀያሽ መሣሪያውን በሦስት እግሩ ያቆማል። ከቀያሹ ጋር አንድ ፖሊስ መጥቷል። መምህርቷ ስልኩን ያዘች። አሥራ አንድ ሺህ ሰው እያየ ነው ስትላቸው ጸሐፊው እንዳልሰሙ ሆኑ።

ቀኑንና ሰዓቱን ተናገሩ። ከዚያ በኮረብታው ቋንቋ፣ አባታቸው እንዳስተማሯቸው፣ ጠሩ። መምህርቷ ዝቅ ባለ ድምፅ ትተረጉማለች።

«አንደኛው፣ ወንዙ የሚታጠፍበት።»

መልስ የለም። ስልኩ ላይ ልብና አውራ ጣት ይጎርፋል፤ «ከሩቅ አለን» የሚሉ የኮረብታው ልጆችም ይጽፋሉ፤ ግን ሁሉም ከጠሪው ቤት ወይም ከአማቾች ናቸው፤ ሊመልሱ አይችሉም። ጸሐፊው እየተራመዱ ሁለተኛውን ጠሩ። ሦስተኛውን ጠሩ። በየምልክቱ ቆም ብለው ይጠብቃሉ፤ በየምልክቱም ዝምታ ነው። ሰባተኛው ላይ ሲደርሱ፣ ማስታወቂያው ያለው እውነት ሆኖ በራሳቸው አፍ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት እየተረጋገጠ መሰላቸው። ቀያሹ ችካሉን አስይዞ መዶሻውን ጠየቀ።

«ስምንተኛው፣ መብረቅ የመታው ዛፍ» አሉ ድምፃቸው እየሰለለ። «ዘጠነኛው፣ ሁለቱ የቆሙ ድንጋዮች።»

መምህርቷ በድንገት ቆመች። «ጋሼ፣ አንድ ሰው ጻፈች።»

«ምን ብላ?»

«'ተመለስ' ብላ።»

ሽማግሌው እንደ ተገተሩ ቀሩ። ይህን ቃል ለመጨረሻ ጊዜ ከሰሙት አሥራ አንድ ዓመት አልፎታል። ለታላቅ ሰው «ተመለስ» የሚል መላሽ ብቻ ነው።

«ድምፅዋን አሰሚኝ» አሉ።

መምህርቷ ጽሑፏን ነክታ ወደ ስርጭቱ አስገባቻት። መጀመሪያ የመኪና ጥሩምባና የሰው ጫጫታ ተሰማ፤ ከዚያ የሴት ድምፅ። በሩቅ ከተማ፣ በአውቶቡስ መናኸሪያ ትኬት ቆራጭ ናት። «ስርጭቱን አሁን ነው ያገኘሁት፤ ወረፋ አለብኝ፤ አንድ ጊዜ ይታገሡኝ» ብላ መስኮቷን ስትዘጋ ተሰማ።

«የማን ልጅ ነሽ?» አሉ ጸሐፊው። ሠላሳ ዓመት ባለጉዳይ ሲመረምሩ የኖሩ ሰው ናቸውና በድምፅ ብቻ አላመኑም።

ትኬት ቆራጯ ጸሐፊው የቀበሯቸውን ሽማግሌ ስም ጠራች፤ አያቴ ናቸው አለች። «እስከ ሰባት ዓመቴ ድረስ እሳቸው ጋር ነው ያደግኩት። ሲመልሱ ትከሻቸው ላይ ነበርኩ። ከመብረቁ ዛፍ በኋላ ድንጋዮቹ አይደሉም የሚመጡት። ከብት የሚልሰው የጨው አፈር አለ። ዘጠነኛው እሱ ነው። ድንጋዮቹ አሥረኛ ናቸው። ተመለስ።»

ከኋላ ከቆሙት አሮጊቶች አንዷ አለቀሰች። ጸሐፊው ግንባራቸውን በእጃቸው መቱ፤ እውነቷን ነው፤ የጨው አፈሩን ዘለውታል። አሥራ አንድ ዓመት ያላሰሙትን ነገር ብቻቸውን መያዝ እንዳልቻሉ ያን ጊዜ ገባቸው። ወደ ወንዙ መታጠፊያ ተመለሱና ከመጀመሪያው ጀመሩ።

«አንደኛው፣ ወንዙ የሚታጠፍበት።»

«ሰምቻለሁ» አለ ስልኩ።

«ሁለተኛው፣ የእንጨት ጠራቢው መቃብር።»

«ሰምቻለሁ።»

አሥራ አንዱ እስኪያልቅ ቀያሹ መዶሻውን አላነሳም። ፖሊሱም ቢሆን ባርኔጣውን አውልቆ ይሰማ ነበር። ከአሥራ አንደኛው በኋላ መምህርቷ ስርጭቱን ዘጋች፤ ጸሐፊው ከሰው ራቅ ብለው ለትኬት ቆራጯ በተራ ስልክ ደወሉና አሥራ ሁለተኛውን በጆሮዋ ነገሯት። ምን እንደመለሰች ፊታቸው ይናገር ነበር። ቀያሹ ወሰኑ ክርክር እንዳለበት መዝግቦ ችካሎቹን መልሶ አስጫነ።

ዓርብ ጠዋት ጸሐፊው ለዚያ ኮረብታ ስምንተኛውን ማመልከቻ ይዘው ደረጃውን ወጡ። ይታዘንልን የሚል የለበትም። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት የመላሹ ቤት ወራሽ የለውም ብዬ የጻፍኩት ሳልጠይቅና ሳልፈልግ ነው፤ ተሳስቻለሁ፤ ወራሹ አለ፤ መልሷል፤ ከአሥራ አንድ ሺህ ሰው በላይ ሰምቷል ይላል። የቢሮው ሹም ወንበር ጋበዟቸው። ይህ ታይቶ አይታወቅም።

«ምነው አባባ፣ ከዚያ ሁሉ ጫጫታ በፊት በቀጥታ ወደ እኔ ቢመጡ?»

«ሰባት ጊዜ መጥቻለሁ» አሉ ጸሐፊው ክላሰሩን ከፍተው። «ቁጥሮቹ እነዚህ ናቸው።»

ሹሙ ቁጥሮቹን አንድ በአንድ አዩ። ችካሉ እንዲቆም፣ ጉዳዩም ጠሪና መላሽ ባሉበት እንዲሰማ ፈረሙ። ኮረብታው ገና አልዳነም፤ ክርክሩ ብዙ ነው። ነገር ግን ወራሽ የለውም የሚለው ነገር ከዚያ ቀን ወዲህ አልተነሳም።

መምህርቷ በር ላይ ትጠብቃቸው ነበር። ጸሐፊው ከወጡ በኋላ ባለጉዳዮቹ እንዲሰሙ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ተናገሩ። «ይህን ስልክ እንደ ሥራ ፈት መጫወቻ አየሁት። ለካ እኔ አንድ ሹም ሳስታምም የራሴን ሰው መጥራት ረስቼ ነበር። ለቢሮው ደካሞች ነን እያልኩ ስጽፍ ኖርኩ፤ ለሰዉ አለን ብንል ኖሮ መላሻችን ድሮ በተገኘች። ከእንግዲህ ፎቶ ሲወጣ ቀኑን፣ ቦታውን፣ ያነሳውን ሰው እኔ አያለሁ። የሰደበን አይመለስለትም። የተሳሳትነው በዚያው ቀን ይታረማል። እንዲህ ከሆነ እኔም የገጹ ሰው ነኝ።»

«ታዲያ ላስገባዎት?» አለች መምህርቷ ስልኳን አውጥታ።

«አስገቢኝ። ግን ምን ተብዬ ነው የምጻፈው?»

«በሚታወቁበት ስም ነዋ።»

የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ ማመልከቻውን ይዞ በመስኮቱ ብቅ አለ። ግራ ተጋብቷል። «አባባ ግልባጭ፣ ዛሬ ምን ነካዎት? ከሥር 'ግልባጭ' ብለው ባዶውን ትተውታል። ለማን ልላከው?»

«ተወው ልጄ» አሉ ሽማግሌው። «ሁሉም ደርሷቸዋል።»